ጋሻ ያለው መዥገር

ጥቅምት 12 ቀን

ለልጄ፣

ሳልሽ ለቀቀሽ ወይ? በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የላክሁልሽን ማር ጨርሰሽ ከሆነ ንገሪኝ፤ ሌላ አለ። ጉልበትሽስ ብለሽ ጠይቀሽ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ያጉረመርማል፣ ከሰዓት በኋላ ይተወኛል። ስልክ አንሺ እንዳትይኝ ደግሞ። የግራ ጆሮዬ ከነጭራሹ ዘግቷል፣ ቀኙም ስልክ ላይ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ዝም ያልኩት ተቀይሜሽ አይደለም። ምን ብዬ እንደምጽፍልሽ ጠፍቶኝ ነው። አንዱን ጀምሬ ቀደድኩት፤ ሌላውን ጀምሬ ወይዘሮ በላችብኝ። ወይዘሮን መቼም አትረሺያትም፤ ያቺ ኩራተኛ ላማችን፣ በሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ተነሥቶ ካላስተናገዳት የማትገባዋ።

ላሞቹ እንዴት ናቸው ላልሽው እንግዲህ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሁለቱ አተኮሳቸው፣ አንድ ጥጃ ሞተብን። መዥገር ወረረን። የከብት ሐኪሙ ለእረፍት ሊወጣ ነበርና ብልቃጦቹን ለወተት ማኅበራችን ትቶ «ናሙና ለቅማችሁ ላኩ» ብሎን ሄደ። ማኅበሩም እኔን መረጠ። ከአሥራ አንዳችን እጇ ንጹሕ እሷ ናት ተባለ። ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽሽም።

ውጤቱ መጣ። «ለስላሳ መዥገር» ይላል። ሊቀመንበሩ ቆሞ አነበበልን። ይኸኛው የጣውላ ስንጥቅ ውስጥ ተወሽቆ ነው የሚኖረው፣ ሳይበላ ዓመታት ይቆያል፣ መድኃኒት ቢረጩም አይደርስበትም ተባለ። ስለዚህ በረቱ ይቃጠላል። ቀኑም ተቆርጧል፤ ኅዳር 9።

ልጄ፣ በረቱ ማለት አጎትሽ የሠራው በረት ነው። ማኅበሩ ይጠቀምበት ብዬ ሰጠሁ እንጂ እያንዳንዱን ጣውላ የላገው እሱ ነው። አንቺ ትንሽ ልጅ ሆነሽ ምስማር ታቀብዪው ነበር። ያንን ጨርሶ መጋዙን ግድግዳ ላይ ሰቀለ፤ ከዚያ ወዲያ አላወረደውም። ከሞተ ወዲህ ከእሱ የቀረኝ ይኸው በረት ነው።

ከውጤቱ ግርጌ ያለው ማኅተም ደግሞ የማን መሰለሽ? ያንቺው መሥሪያ ቤት! ማይክሮስኮፕ ላይ የምታፈጥ ልጅ አሳድጌ በረቴ ይቃጠል? እስቲ ንገሪኝ፤ ይህ ለስላሳ የሚሉት ከሌላው በምን ይለያል? እኔ የማውቀው መዥገር መዥገር ነው።

አንጀቷ የበገነው አክስትሽ


ጥቅምት 17 ቀን

እቴቴ፣

ሳሉ ለቆኛል፣ ማሩም አላለቀም። ደብዳቤሽን ቁጭ ብዬ ጀምሬ ቆሜ ጨረስኩት። ይቅርታ አድርጊልኝ። ናሙናው በእጄ አላለፈም፣ መምጣቱንም አልሰማሁም። ያዩት አለቃችን ናቸው። ሁለት መነጽር አላቸው፤ አንዱን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሌላውን ሲፈልጉ ይውላሉ፤ መነጽሩ እንላቸዋለን። ክፉ ሰው አይደሉም። ደግሞም ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ይህን ስነግርሽ እንዳትቆጪ።

መዥገር መዥገር ነው ላልሽው ግን አይደለም። ሁለት ዓይነት ቤተሰብ አለ። አንደኛው ጠንካራ መዥገር ይባላል። ጀርባው ላይ ጋሻ የመሰለ ጠንካራ ሳህን አለው። ወንዱን ጀርባውን በሙሉ ይሸፍነዋል፤ ሴቷን ግን ከራሷ ጀርባ ትንሽ ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ሌላው አካሏ ደም ሲሞላ መለጠጥ አለበት። ከላይ ስታዪው ራሱና አፉ ወደ ፊት ወጥቶ ይታያል። ላሟን አንዴ ከያዘ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ እዚያው ተተክሎ ደም ይመጥጣል። ሲጠግብ ይወድቃል፤ ሴቷ በሺህ የሚቆጠር እንቁላል በአንድ ጊዜ ጥላ ትሞታለች። ይኸኛው ሣር ላይ ሆኖ ነው ከብት የሚጠብቀው። ከበረት ግድግዳ ጋር ጉዳይ የለውም።

ለስላሳው ጋሻ የለውም። ቆዳው የተጨማደደ ከረጢት ነው፣ አፉም ከሆዱ ሥር ስለሆነ ከላይ አይታይም። የደቂቃዎች እንግዳ ነው፤ ጠጥቶ ወደ ስንጥቁ ይመለሳል፣ ሌላ ቀን ደግሞ ይመጣል። እንቁላሉንም ትንሽ ትንሽ እያደረገ ደጋግሞ ይጥላል። ሊቀመንበሩ ያነበበው ስለዚህ ከሆነ እውነቱን ነው፤ በረት ያስቃጥላል።

አሁን መልሽልኝ። መዥገሮቹ ላሟ ላይ ቀን ቀን ይታያሉ? አንዱ እዚያው ቦታ ስንት ቀን ይቆያል? ናሙናውንስ እንዴት አድርገሽ ለቀምሽ?

ሥራዬ ደህና ነው። ሰሞኑን እጄ ውኃ ይበዛበታል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ወረቀትሽ ግን ላምባ ላምባ ይሸታል፤ የምን ነው?

ልጅሽ


ጥቅምት 22 ቀን

ለልጄ፣

ማይክሮስኮፕ በውኃ ነው እንዴ የሚታየው? የምትደብቂኝ ነገር ካለ ደብቂ፤ እኔም ጊዜ አለኝ።

ቀን ቀን ይታያሉ ወይ አልሽ። እንዴታ! በጠራራ ፀሐይ፣ አንገቷ ሥር፣ ጡቷ አጠገብ፣ ጅራቷ ሥር ተደርድረው። ስንት ቀን ይቆያሉ ላልሽው ግን አፌን ሞልቼ ልመልስ ስል ቆም አልኩ። እንደዚያው ይመስለኛል እንጂ ቆጥሬ አላውቅም። ዛሬ ያየሁት የትናንቱ ይሁን ሌላ መጥቶ ይሁን በምን አውቃለሁ? ስለዚህ ምን አደረግሁ መሰለሽ። ወደ ጎረቤታችን ወደ ፀጉር ሠሪዋ ሄጄ የጥፍር ቀለም አምጪ አልኳት። «በዚህ ዕድሜሽ ለማን?» አለችኝ። ለወይዘሮ አልኳት።

ከትናንት በስቲያ ሦስት መዥገሮች መረጥኩ፤ ሦስቱም ከሰሊጥ ብዙም የማይበልጡ። በእያንዳንዳቸው አጠገብ ያለውን ፀጉር ቀይ ቀባሁት፣ ጀርባቸው ላይም በክብሪት እንጨት ጫፍ ነካ አደረግሁ። ወይዘሮ መጀመሪያ ረገጠችኝ፣ በኋላ ግን የለመደችው መሰለኝ አንገቷን ታቀብለኝ ጀመር። ዛሬ ጠዋት አየኋቸው፤ ሦስቱም ቀይ ጀርባቸውን ይዘው እዚያው ናቸው። የደቂቃ እንግዳ ያልሽው እንዲህ ከሆነ የሳምንቱ ሊወርሰን ነው!

ናሙናውን እንዴት ለቀምሽ ለሚለው፣ በንጽሕና ለቀምኩ። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ? አክስትሽን ታውቂያታለሽ።

ወረቀቱ ላምባ ላምባ ይሸታል ላልሽው የፋኖሱ ነው። በረቱ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፍልሽ፤ ቤት ውስጥ ብርሃኑ አይመቸኝም።

አክስትሽ


ጥቅምት 26 ቀን

እቴቴ፣

ቁጭ ብለሽ አንብቢ ብለሽኝ ነበር። አሁን ተራው ያንቺ ነው።

እጄ ውኃ የሚነካው ብልቃጥ ስለማጥብ ነው። የመጀመሪያ ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግሥት መነጽሩ ቢሮ ገብቼ፣ ሰው ፊት፣ «በአክስቴ በረት ላይ የፈረዱት ተሳስተው ቢሆንስ?» አልኳቸው። ምንም ማስረጃ አልነበረኝም፤ ንዴት ብቻ ነበር። እሳቸውም መነጽራቸውን አወረዱና «ዘመድሽ ያለበት ጉዳይ ላይ አትገቢም፤ እስኪያልቅ ድረስ ዕቃ ማጠቢያው ክፍል ሥሪ» አሉኝ። ዐሥር ቀን ሆነኝ። ያልነገርኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። ይቅርታ።

ግን ስሚኝ። ከትናንት ወዲያ ሊታጠቡ ከመጡት ብልቃጦች መካከል ያንቺን ጽሕፈት አየሁ። ያ «ማ» ፊደልሽ የትም ቢሆን አይጠፋኝም። ውስጡ ስድስት መዥገሮች አሉ፤ ስድስቱም የባቄላ ያህል ትልልቅ፣ የነጡና የተጨማደዱ። እቴቴ፣ አንዳቸውም ራስ የላቸውም! ከላይ ራሱ የማይታይ፣ ቆዳው የተጨማደደ ከረጢት፤ መነጽሩ ለስላሳ ቢሉ አይፈረድባቸውም። በአጉሊ መነጽር ደጋግሜ ሳይ ግን ከፊት በኩል፣ ተቆርጦ በቀረው ጫፍ ላይ፣ የጋሻ ስባሪ የሚመስል አየሁ። ሮጬ ወሰድኩላቸው። ለረጅም ጊዜ አዩት። «ራስ በሌለው መዥገር ሁለተኛ አልፈርድም። ከነራሱ አምጪልኝ» አሉኝ።

ስለዚህ ያ «በንጽሕና» ያልሽው ቃል እንቅልፍ ነሥቶኛል። ምን ማለት ነው? እንደ ልጅሽ ሳይሆን እንደ ብልቃጥ አጣቢ ነው የምጠይቅሽ፤ እውነቱን ንገሪኝ።

አዲስ ናሙና ላኪልኝ። በወረንጦ ቆዳዋ ድረስ ጠጋ ብለሽ ያዢው፣ ሳታዞሪ ቀስ ብለሽ ቀጥ አድርገሽ ሳቢው። ትንሹንም ትልቁንም አድርጊበት። በቀጥታ አልኮል ውስጥ ክተቺው። ሌላ ምንም እንዳታደርጊው፤ በሞትኩት።

ልጅሽ


ጥቅምት 30 ቀን

ለልጄ፣

ስለ ብልቃጥ እጥበቱ መጀመሪያ ልናገር። የኔ ልጅ ለኔ ብላ እጇ ውኃ ውስጥ ሲውል እኔ እዚህ ማር በላሽ ወይ እያልኩ እጽፋለሁ። ሆዴ ባባ። ምነው ዝም አልሽኝ? እሺ፣ እኔም ዝም ያልኩት ስላለ ተቻችለናል።

አሁን ለራስሽ ብቻ አንብቢው። አጥቤያቸው ነበር።

አትሳቂ! ናሙና ከማኅበሩ ስም ጋር ትልቅ መሥሪያ ቤት ሊሄድ ነው፤ እበት የነካው፣ ፀጉር የተጣበቀበት መዥገር ልላክ? ምን ይሉናል? ስለዚህ መጀመሪያ ትልልቆቹን፣ ዓይን የሚሞሉትን መረጥኩ። ትንንሾቹን እንደ ግርድ ጣልኳቸው። በጥፍሬ ይዤ ጠምዘዝ አድርጌ ነቀልኳቸው፤ ቁስሉ ላይ ጥቁር ነገር ሲቀር አይቻለሁ፣ እሾህ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በሞቀ ውኃና በሳሙና አሸኋቸው፣ በመጨረሻም ጥቂት በረኪና ጠብ አደረግሁባቸው። ሲያበሩ ልብሽ ደስ ይለው ነበር። የአጎትሽን በረት እሳት አፋፍ ላይ ያደረስኩት እኔው ነኝ፤ በገዛ እጄ፣ በሳሙና።

ማኅበሩ ውስጥ «እጃችሁን ታጠቡ፣ ባልዲውን አጽዱ» እያልኩ የማላሳርፋቸው እኔ ነኝ። ይህን ቢሰሙ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? አደራሽን፣ በመካከላችን ይቅር።

ሹፌሩ ይዞት የመጣው ብልቃጥ ግን ሌላ ነው። ከፀጉር ሠሪዋ የቅንድብ ወረንጦዋን ተውሼ እንዳልሽኝ አደረግሁ። ዐሥራ አራት ናቸው፣ ከነራሳቸው፣ ከነእበታቸው። አንዱንም አላጠብኩም፤ እጄን እየበላኝ ተውኩት። ጀርባቸው ቀይ የሆኑት ሁለቱ የወይዘሮ ናቸው። ለሰባት ቀን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። ከሰሊጥ ምስር ሆኑ፣ ከምስር አተር ሆነው ቆዩ፣ በስምንተኛው ቀን ጠዋት ሳይ ባቄላ አክለዋል። አንዷ ጠግባ ስትወድቅ ከገለባው ላይ አነሣኋት፣ ሁለተኛዋን በወረንጦ ሳብኳት። ሦስተኛዋን ዶሮ ቀደመኝ። ጋሻ ያልሽውንም በአጎትሽ አጉሊ መነጽር አየሁት፤ ከራሷ ጀርባ፣ ጥፍር የምታክል ሳትሆን የጥፍር ቁራጭ የምታክል። ያንን ሁሉ ሆድ ተሸክማ ጋሻዋ ያቺው ናት! ቀናቱን ሁሉ ጽፌ ከብልቃጡ ጋር አስሬዋለሁ።

የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው። አለቃሽ ሁለቱንም መነጽር ያድርጉ በያቸው።

አክስትሽ


ኅዳር 4 ቀን

እቴቴ! እቴቴ! እቴቴ!

ሰላምታውን ዝለዪው። ጠንካራ መዥገር ነው!

መነጽሩ አንዱን አዩ። ሁለተኛውን አዩ። ትንሹ ወንድ ላይ ሲደርሱ፣ ያ ጀርባው በሙሉ ጋሻ የሆነው፣ ከወንበሩ ተነሡና «ነይ እዪ» ብለው አስቀመጡኝ። ወደ ማጠቢያው ከመላኬ በፊት የምቀመጥበት የኔው ወንበር ነበር። ቀይ ጀርባዋን ሲያዩ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የጥፍር ቀለም ነው፣ ስንት ቀን ላሟ ላይ እንደቆየች ምልክት ነው ብዬ ያንቺን የቀናት ጽሑፍ ሰጠኋቸው። ሁለቴ አነበቡት። «ይህችን ሴት ማን አስተማራት?» አሉ። ማንም አልኳቸው። ከዚያም በሠራተኛው ሁሉ ፊት «የመጀመሪያው ውጤቴ ስህተት ነው» ብለው ፈረሙ። እኔም ዕቃ ማጠቢያውን ለቅቄያለሁ፤ ወንበሬ ላይ ሆኜ ነው ይህን የምጽፍልሽ።

የተስተካከለው ውጤት ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነው፤ ኅዳር 7 እጅሽ ይገባል። አንድ ነገር ግን አለ። ወረቀቱ ላይ «የመጀመሪያው ናሙና የተበላሸበት ምክንያት» የሚል፣ ላኪው ሞልቶ የሚፈርምበት መስመር አለ። ማኅበራችሁ ያ መስመር ካልተሞላ ውሳኔውን አይሽርም። «መንገድ ላይ ተበላሸ» ብለሽ ብትጽፊ የሚጠይቅሽ የለም። የሚጠየቀው ሹፌሩ ነው። ሚስጥርሽን ለመነጽሩ አልነገርኩም፣ ለማንም አልነግርም። መስመሩን ባዶውን ልኬልሻለሁ።

ልጅሽ


ኅዳር 10 ቀን

ለልጄ፣ ለባለወንበሯ፣

በረቱ ቆሟል! ይህን አስቀድመሽ ስሚ፤ ሌላውን ቀስ ብለሽ ታነቢዋለሽ።

መስመሩ ላይ ምን ጻፍሽ ብለሽ በሹፌሩ አፍ ልከሽብኛል። እውነቱን ልንገርሽ፣ «መንገድ ላይ» የሚለውን በእርሳስ ጽፌው ነበር። ከዚያ ሹፌሩ ደብዳቤሽን ሲያቀብለኝ «ብልቃጡን ጭኔ ላይ ይዤው ነው የሄድኩት እኮ፣ ዐሥራ አራቱም ደህና ደረሱ?» አለኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ፣ መሪ በአንድ እጅ! ላጲስ ፈልጌ አጠፋሁት።

ስብሰባው ከትናንት በስቲያ ነበር፣ ሊቃጠል አንድ ቀን ሲቀረው። ወይዘሮን ይዤ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ «ላም አዳራሽ አይገባም» አለኝ። ምስክር ናት አልኩት። እሷ ደግሞ አመሏን ታውቂያለሽ፤ በሩ ላይ የተቀመጡት ካልተነሡላት አልገባም ብላ ቆመች። አንዱ ተነሣ፣ ሁለተኛው ተነሣ፣ በመጨረሻ አዳራሹ ሙሉ ቆሞ ተቀበላት። አንቺ ብታዪ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ፀጉር ሠሪዋ ኅዳር 1 ዐብራኝ የቀባቻቸውን አራት ቀይ ነጥቦች እያሳየች «በዚህ እጄ ቀብቻለሁ፣ ይኸው ሰባት ቀን፣ አልተንቀሳቀሱም» አለች። የአጎትሽ አጉሊ መነጽር ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የከብት ሐኪሙም ከእረፍቱ ተመልሶ ነበርና ጎንበስ ብሎ አይቶ «ራሱ ይኸው፣ ጋሻው ይኸው፤ ጠንካራ መዥገር ነው፣ ከወንዙ ዳር ሣር ነው የምታመጡት» አለ። ላሞቹ መድኃኒት ይረጫሉ፣ የወንዙ ዳር ታጥሮ ይከርማል። ግድግዳው ምን በደለ!

ከዚያ ሊቀመንበሩ መስመሩን አየው። «ባዶ ነው፤ የመጀመሪያው ናሙና ምን ሆኖ ነው?» አለ። ተነሣሁ። «አጥቤው ነው» አልኩ። «በሳሙና። ራሳቸውን በጥፍሬ ቆርጬ፣ በበረኪና አጥቤ፣ እንዲያምሩ ብዬ። ጥፋቱ የላቦራቶሪው አይደለም፣ የሹፌሩም አይደለም፣ የኔ ነው።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ «መዥገር አጠበች?» አለ። ፀጉር ሠሪዋ ፈነዳች፣ ሊቀመንበሩ ተከተለ፣ ሁሉም ሆዱን ይዞ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ ልጄ፤ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ሲበቃቸው ሊቀመንበሩ መስመሩ ላይ «በንጽሕና ምክንያት» ብሎ ጻፈና አስፈረመኝ። ውሳኔውን ሻረው፣ አጨበጨቡ፣ ወይዘሮም ወለሉ ላይ ማኅተሟን አሳረፈች። ከእንግዲህ ናሙና የምትለቅመው እሷ ናት ብለው በድጋሚ መረጡኝ። ወረንጦ ሊገዙልኝ ነው። ሳሙናውን ግን ለሊቀመንበሩ እንዳስረክብ ቃል አስገብተውኛል።

አሁን የኔን ዝምታ ልንገርሽ። ወረቀቱ የሸተተሽ የፋኖስ አልነበረም። በረቱ የሚቃጠልበትን ላምባ ገና በጥቅምት አሥር ቀን አምጥተው ደጃፉ ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ ሃያ ሊትር ጀሪካን። ወደ ውስጥ ጎትቼ አስገባሁትና ላዩ ላይ ተቀመጥኩበት። ደብዳቤዎቼን ሁሉ የጻፍኩልሽ እዚያ ላይ ሆኜ ነው። እሳቱን ከመለኮሳቸው በፊት እኔን ማንሣት አለባቸው ብዬ። ብነግርሽ ሥራሽን ጥለሽ ትመጪ ነበርና ዝም አልኩ።

ትናንት፣ በተቆረጠው ቀን፣ መጥተው ጀሪካኑን ወሰዱት። ሊቀመንበሩ ራሱ ተሸክሞ ወጣ። እኔም ዛሬ ከቤት ወንበር አምጥቼ፣ አጎትሽ ከሰቀለው መጋዝ ሥር አድርጌ፣ አለብኩና ይህን ልጽፍልሽ ተቀመጥኩ።

ወረቀቱን አሽትቺው እስቲ። ወተት ነው።

አክስትሽ